ደሴ፦ ኮረብታ ላይ ያለ ጥንታዊ ግንብ ትምህርት ቤት ሆኗል፤ ልስኑን በክረምት ዕረፍት ብናድሰው ምን ይመስላችኋል?

የግቢ ጉዳይ (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። ደሴ ውስጥ ኮረብታ ላይ የተሠራ፣ ድሮ የመኳንንት መኖሪያ የነበረ ባለ አንድ ፎቅ የድንጋይ ግንብ አለ። አሁን የግል ትምህርት ቤት ነው፤ ከመዋዕለ ሕፃናት እስከ 8ኛ ክፍል 400 ገደማ ልጅ ይማርበታል። ግድግዳው 70 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ጥቁር ድንጋይ ነው። የላይኛው ወለል ጣውላ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ፣ አሸንዳ የለውም። ከዓመታት በፊት ውጩ በሲሚንቶ ተለስኗል። አሁን ያ ልስን ከመሬት እስከ አንድ ሜትር ከፍታ ድረስ ተነፍቶ እየረገፈ ነው፤ በሰሜን በኩል ያሉት የታች ክፍሎች ሻጋታ ሻጋታ ይሸታሉ። አንድ ግድግዳ ላይ ደግሞ ከመስኮቱ ማዕዘን ተነሥቶ ወደ ላይ የሚወጣ ስንጥቅ አለ።

ቦርዱ የወሰነው እንዲህ ነው፦ ሰኔ ላይ ፈተና ሲያልቅ አሮጌው ልስን ይነሳል፣ ሐምሌና ነሐሴ በሽቦ ወንፊትና በሲሚንቶ ይለሰናል፣ ከዚያ ፕላስቲክ ቀለም ይቀባል። ከላይኛው እርከን ላይ ደግሞ ባለ 5000 ሊትር ሮቶ ሁለት ይቀመጣል። ተቋራጩ በ45 ቀን አስረክባለሁ ብሏል። አሁን ጥር ነው፤ ውል አልተፈረመም። ስህተቱ የት ጋ ነው? ፈቃድስ ያስፈልገዋል? የሕንፃውን ዘመን ደግሞ ገሚሱ ንጉሥ ሚካኤል ገሚሱ ጣሊያን ይላል፤ ለሥራው ለውጥ ያመጣ ይሆን?

---

ቱምቢ

ውሉ አለመፈረሙ ጥሩ ነው። የወራቱ ምርጫ ራሱ ችግር አለበት። የትምህርት ቤት ዕረፍትና የደሴ ክረምት አንድ ላይ ነው የሚወድቁት፤ ሐምሌና ነሐሴ ግድግዳው ውሃ ጠግቦ የሚውልበት ጊዜ ነው። በዚያ ወቅት ልስን አንሥቶ ሌላ መለሰን ማለት እርጥቡን ውስጡ ዘግቶ ማስቀረት ማለት ነው። ክረምቱን ለሌላ ሥራ ተጠቀሙበት፤ ከታች እመጣበታለሁ።

መጀመሪያ ድንጋዮቹ በምን እንደተያያዙ እወቁ። የዘመኑ ጥያቄ ለሥራው የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው። ዝናብ ከማይደርስበት ቦታ፣ ለምሳሌ ከደረጃው ሥር፣ ከሁለት ድንጋይ መካከል የአውራ ጣት የሚያህል ቁራጭ በመጋዝ ጫፍ አውጡ። ግማሹን ብርጭቆ ውሃ ውስጥ ጣሉት፤ በአንድ ሰዓት ውስጥ ሟሙቶ ደለል ከሆነ ጭቃ ነው። ቀሪው ላይ ሎሚ ጭመቁበት፤ ተፍ ተፍ ብሎ አረፋ ካወጣና በምስማር ሲፋቅ ዱቄት ከሆነ ኖራ ነው። አረፋ አውጥቶ ምስማር ካልጫረው ሲሚንቶ ገብቶበታል። የተጠረበ እኩል ድንጋይ፣ ከበርና ከመስኮት በላይ የኮንክሪት ጉበን፣ ከወለል በታች የብረት አግዳሚ ካገኛችሁ የጣሊያን ዘመን (1928–1933) እጅ አለበት። ጭቃ ወይም ኖራ፣ ያልተስተካከለ ድንጋይ፣ የጽድ ወይም የወይራ ጉበን ከሆነ ወደ ቀደመው ያደላል። ሁለቱ በአንድ ሕንፃ ላይ ቢገኙም አይግረማችሁ። ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. ጣሊያን ደሴን ከአየር ስትደበድብ ብዙ ቤት ተቃጥሏል፤ ስለዚህ ግድግዳው የንጉሥ ሚካኤል ዘመን ሆኖ ጣሪያው በኋላ የተተካ ሊሆን ይችላል።

ሲሚንቶው ለምን ይነፋል? ጥቁር ድንጋይ ራሱ ውሃ አይጠጣም ማለት ይቻላል። እርጥበት የሚገባውም የሚወጣውም በድንጋዮቹ መካከል ባለው ጭቃ ወይም ኖራ ነው። ያን መንገድ በሲሚንቶ ስትደፍኑት ከመሬት የተሳበውና በስንጥቅ የገባው ውሃ መውጫ ያጣል። ጭቃው ይለሰልሳል፣ ጨው ይዞ ወደ ልስኑ ጀርባ ይመጣል፣ እዚያ ሲደርቅ ልስኑን ገፍቶ ይነቅለዋል። እናንተ ግን ቶሎ የሚታያችሁ የረገፈው ልስን ነው። የሚያስፈራው ከጀርባው ያለው ነው፤ ጭቃው ታጥቦ የወጣበት ግድግዳ በሁለት ገጽ ተከፍሎ አንዱ ወደ ውጭ ይነፋል። ስለዚህ ልስኑን ከማንሣታችሁ በፊት ከጣሪያ ሥር ቱምቢ አውርዱና በየሜትሩ ከክሩ እስከ ግድግዳው ያለውን ርቀት ጻፉ። በሦስት ሜትር ቁመት ውስጥ ከ2–3 ሴንቲ ሜትር በላይ ሆድ ካወጣ፣ በመዶሻ ሲመታም ባዶ ድምፅ ከሰጠ፣ ልስኑን አትንኩት። በጣውላ ይደገፍና የስትራክቸር መሐንዲስ ይየው። አንዳንዴ ያ ክፉ ሲሚንቶ ብቻውን ይዞት ይገኛል።

አሁን ቅደም ተከተሉ።

ከጥር እስከ ግንቦት ጣሪያና ውሃ። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ በአንድ ካሬ ላይ አንድ ሊትር ነው። ጣሪያችሁ 400 ካሬ ቢሆን፣ የ50 ሚሊ ሜትር ዝናብ 20,000 ሊትር ውሃ ይጥላል፤ አሸንዳ ስለሌለ ያ ሁሉ የሚወርደው ግድግዳው እግር ላይ ነው። አንድ ሜትር ከፍታ ድረስ መርጠቡ ከዚያ ነው፤ መሬት ላይ የነጠረው ውሃ መልሶ ግድግዳውን ይመታል። አሸንዳው በየሜትሩ 5 ሚሊ ሜትር ዝቅ እያለ ይሂድ። መውረጃው ባለ 110 ሚሊ ሜትር ቱቦ ሆኖ፣ አንዱ ከ60 ካሬ በላይ ጣሪያ አይሸከም። ለ400 ካሬ ሰባት ማለት ነው። ቱቦው መሬት ላይ ከደረሰ በኋላ በድንጋይ ቦይ ከግድግዳው አርቃችሁ ወደ ቁልቁለቱ ልቀቁት፤ የእርከኑን አፈር ደግፎ የያዘው የድጋፍ ግንብ ጀርባ ግን አይፍሰስ።

ቀጥሎ የውጭውን መሬት። ከዘመን ብዛት ግቢው በአፈር ሞልቶ ከውስጥ ወለል በላይ ሆኖ ከሆነ (ብዙ ጊዜ ነው) ከወለሉ 15–20 ሴንቲ ሜትር ዝቅ እስኪል ይቆፈር። በአንድ ጊዜ ሁሉንም አትግለጡት፤ አንድ አንድ ሜትር ተኩል እያላችሁ፣ መሠረቱ ከታየ ቁሙ። ከዚያ ከግድግዳው ጀምሮ እስከ ሁለት ሜትር ድረስ በየሜትሩ 5 ሴንቲ ሜትር እያዘነበለ ይሂድ። ዙሪያውን ሊሾ አታድርጉ፤ ጠጠር ይሻላል። ሊሾ የመሬቱን እርጥበት ወደ ግድግዳው ይገፋዋል።

ሰኔ ላይ የረገፈውን ሲሚንቶ በእጅ መሮና በመዶሻ አንሡ፤ በማሽን አይሆንም፣ ጭቃውን ያናውጠዋል። ክረምቱን አሸንዳ ባለው ጣሪያ ሥር ተገልጦ ይክረም። በነፋስ የሚመታው ፊት ላይ ብቻ ሸራ ከጣሪያ ጠርዝ ዘርጉ፣ ግድግዳው ላይ ግን አይለጠፍ። ስንጥቁን በዚህ ጊዜ ትለኩታላችሁ፦ በሦስት ቦታ ላይ ስንጥቁን ያቋረጠ የጄሶ ማኅተም አድርጉና ቀን ጻፉበት። ክረምት አልፎ ጄሶው ካልተሰነጠቀ አሮጌ ስንጥቅ ነው፣ በኖራ ይሞላል። ከተሰነጠቀ መሠረቱ እየሄደ ነው፤ ያኔ ልስን ማውራት ከንቱ ነው።

ልስኑ ከጥቅምት በኋላ፣ በኖራ፣ ቅዳሜና እሑድን እንዲሁም የመንፈቅ ዓመት ዕረፍትን እየተጠቀማችሁ፣ አንድ ፊት አንድ ፊት። 70 ሴንቲ ሜትር ግድግዳ በጥቂት ወራት ውስጥ ሙሉ በሙሉ አይደርቅም፤ ለዚህ ነው የሚተነፍስ፣ ማለትም እርጥበቱን የሚያስወጣ ልስን የሚያስፈልገው።

---

ባለ ፌሮ

ወንድሜ ቱምቢ፣ በአክብሮት፣ ይሄ የመጽሐፍ ነገር ነው። ኖራ የሚያውቅ ግንበኛ ደሴ ውስጥ ስንት አለ? ሦስት ወር ኖራ በውሃ ፈልቶ እስኪበርድ ማን ይጠብቃል? ሲሚንቶ 1 ለ 4፣ ወንፊት በየ40 ሴንቲ ሜትሩ በምስማር፣ ውሃ የማያስገባ ኬሚካል ይጨመርበት። ከዚያ ላይ ዙሪያውን የኮንክሪት ቢም ይታሰርበት፤ ለመሬት መንቀጥቀጥም ይጠቅማል። 400 ልጅ ያለበት ቤት ጠንካራ መሆን አለበት እንጂ «መተንፈስ» የለበትም።

---

ቱምቢ

@ባለ ፌሮ፣ የመሬት መንቀጥቀጡን ማንሣትህ ተገቢ ነው። እኛ ያለነው የስምጥ ሸለቆው ምዕራባዊ ጠርዝ ላይ ነው፤ በ1953 ዓ.ም. የካራቆሬው መንቀጥቀጥ ማጀቴን ያፈረሰበት አካባቢ ከኮምቦልቻ ሩቅ አይደለም። ግን በዚያው ምክንያት ነው ቢሙን የምቃወመው። 25 በ30 ሴንቲ ሜትር የሆነ የኮንክሪት ቢም በየሜትሩ 190 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። በጭቃ በተያዘ ግድግዳ አናት ላይ ያን ስትጭንበት፣ ሲናወጥ ቢሙ ለብቻው ግድግዳው ለብቻው ይሄዳል። የዚህ ዓይነት ግድግዳ የሚፈርሰው ሁለቱ ገጽ ሲለያይ ነው፤ መድኃኒቱም ሁለቱን ማሰር ነው። በቁመት በየ60 ሴንቲ ሜትሩ፣ በአግድም በየ1.2 ሜትሩ ገደማ አንድ ድንጋይ በቀስታ አውጥተህ ወደ ማዶ ቀዳዳ ታበጃለህ፤ መካከሉ ጠበብ፣ ሁለቱ ጫፍ ሰፋ ያለ። ጫፍና ጫፉ የታጠፈ ባለ 8 ሚሊ ሜትር ፌሮ አስገብተህ በኮንክሪት ትሞላዋለህ። በአንድ ቀን ጎን ለጎን ያሉትን አትክፈት፤ አንዱን ዘልለህ አንዱን። አናቱ ላይ ደግሞ የጽድ ሳንቃ ማዕዘን ላይ ተቆላልፎ ይዙርበት፤ የጣሪያው ወራጅ ሁሉ በብረት ማሰሪያ ከሱ ጋር ይያዝ። ኮረብታ ላይ ነፋስ ቆርቆሮ የሚነቅለው ከጠርዙ ስለሆነ፣ በጠርዙና በአናቱ በኩል በየሸንተረሩ፣ መካከሉ ላይ አንድ እየዘለለ ጎማ ያለው ምስማር ይመታ።

ኖራውን በተመለከተ የሚያስቸግር ነገር የለውም፣ ጊዜ ብቻ ይፈልጋል። ለ100 ካሬ፣ ለመጀመሪያው እጅ 12 ሚሊ ሜትር ውፍረት፣ ድንጋዩ ጎርበጥ ስለሚል ብክነት ጨምረህ 1.6 ሜትር ኩብ ያህል ቅይጥ ነው። አሸዋው 1.6፣ የበረደው ኖራ ግማሽ ሜትር ኩብ (1 ለ 3)፤ ለዚያ ከ250–300 ኪሎ የተቃጠለ ኖራ ይበቃል። አሁን ቢበርድ ጥቅምት ላይ ከስምንት ወር በላይ ይሆነዋል፣ እንደ ቅቤ ነው የሚሆነው። አሸዋውን በጠርሙስ ፈትኑ፦ እስከ ግማሽ አሸዋ፣ ከላይ ውሃና ትንሽ ጨው፣ መትታችሁ ሦስት ሰዓት አስቀምጡ። ከላይ የተኛው ጭቃ ከአሸዋው ከመቶ 8 በላይ ከሆነ አጥቡት ወይም መልሱት። የመጀመሪያው እጅ ላይ የተከተፈ የጤፍ ጭድ ይግባበት። ግድግዳው በውሃ ይረጭ፤ እጁ ከ12 ሚሊ ሜትር አይብለጥ፣ ጉድጓዱን አስቀድመህ በድንጋይ ስንጥር ሙላው። ጥፍር ሲጫነው ምልክት እስከማይዝ፣ ከሳምንት እስከ ዐሥር ቀን፣ ጠብቅና ሁለተኛውን በ6–8 ሚሊ ሜትር ድገም። ለአንድ ሳምንት እርጥብ ኬሻ ይንጠልጠልበት። የደሴ የጥቅምት ነፋስና ፀሐይ ቶሎ ካደረቀው ይደቅቅና ሲነኩት መዳፍ ላይ ይቀራል፤ «ኖራ አይበረክትም» የሚባለው አብዛኛው ከዚህ የመጣ ነው። ቀለሙም የኖራ ቀለም ይሁን፣ ወተት የመሰለ ቀጭን፣ አራት አምስት እጅ። ፕላስቲክ ቀለም ከቀባችሁበት ሥራው ሁሉ ገደል ገባ።

---

የቅርስ ዴስክ

ስለ ፈቃዱ ማንም ያልመለሰ መሰለኝ።

አዎ ያስፈልጋል። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ባለይዞታው ቅርሱን በራሱ ወጪ እንዲጠብቅ ያስገድዳል፤ ማንኛውም የጥገናና የእድሳት ሥራ ግን አስቀድሞ ፈቃድ ማግኘት አለበት። ቦርዱ ባለቤትም ይሁን ተከራይ ከዚህ አያመልጥም። ተከራይ ከሆነ ደግሞ የአከራዩ ደብዳቤ ይጨመርበታል። በአዋጅ ቁጥር 839/2006 ቅርሶች ብሔራዊና ክልላዊ ተብለው ይመደባሉ። ስለዚህ መጀመሪያ የከተማው ባህልና ቱሪዝም ጋ ሂዱና ሕንፃው ተመዝግቦ እንደሆነ፣ በየትኛው ምድብ እንደሆነ በጽሑፍ ጠይቁ። ምላሹ ፋይላችሁ ወደ ክልሉ ቢሮ ወይም አዲስ አበባ ወደ ኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣን እንደሚሄድ ይወስናል።

ፋይሉ ውስጥ ምን ይግባ? የአራቱም ፊት ፎቶ፣ ከእያንዳንዱ ጉዳት ጎን ሜትር ተይዞ። የወለል ፕላንና ቁመታዊ ልኬት። ቱምቢ ከላይ የጠቀሰው የርቀት ሠንጠረዥና የጄሶ ማኅተሙ ውጤት። የቅይጡ ዓይነት። ብዙ ማመልከቻ የሚመለሰው «እድሳት እናደርጋለን» ብሎ ምን እንደሚነካና በምን እንደሚሠራ ሳይናገር ሲቀር ነው። አንድ ገጽ ላይ «የማይነካው ይሄ ነው» ብላችሁ ብትጽፉ፣ በሮች፣ ጉበኖች፣ ደረጃው፣ የጣውላ ኮርኒሱ፣ ነገሩ ይቀላል።

ውሉም ላይ ይሄ ይግባ፦ ሲፈርስ የሚወጣ ድንጋይና ጣውላ የተቋራጩ አይደለም። አሮጌ የጽድ ምሰሶ ገበያ ላይ ይፈለጋል፤ «በልቶታል» ተብሎ ተጭኖ ሲወጣ የሚያስቆመው አይኖርም።

በዘመኑ ላይ፣ ንጉሥ ሚካኤል የነገሡት በ1906 ነው፣ ሰገሌ ላይ የተሸነፉት ጥቅምት 1909። በራስነታቸው ጊዜ ግን ደሴን መቀመጫ አድርገው ብዙ አስገንብተዋል፤ አይጠየፍ አዳራሽ የሳቸው ሥራ ነው። «የንጉሡ ዘመን» ሲባል ሁለት ሦስት ዓመት ብቻ አድርጋችሁ አትውሰዱት። በማመልከቻው ላይ ደግሞ ያልተረጋገጠ ዘመን አትጻፉ፤ የቅይጡን ፈተና ውጤት ብቻ አስፍሩ።

---

የግቢ ጉዳይ (ጠያቂ)

እግዜር ይስጥልኝ፣ በጣም ብዙ ነገር አገኘሁ። የብርጭቆውን ፈተና አድርገነዋል፤ ታችኛው ፎቅ ጭቃ፣ ላይኛው ኖራ ነው። ሁለት ነገር ቀረኝ። ሮቶዎቹን እርከኑ ላይ ማስቀመጥ ችግር አለው? ላይኛው ወለል ላይስ ሁለት ክፍል አለ፣ እያንዳንዳቸው 45 ልጅ ይይዛሉ፤ ሲሮጡ ወለሉ ይነቃነቃል።

---

መብረቅና ውሃ (ኮምቦልቻ)

ሮቶውን እርከኑ ላይ አታድርጉ። ሁለቱ ሲሞሉ 10 ቶን ነው፤ ያ ክብደት የድጋፍ ግንቡን ከጀርባው ይገፋዋል፣ ሮቶው ሞልቶ ሲፈስ ደግሞ አፈሩን ያረጥበዋል። የደሴ ቁልቁለት መንሸራተት የሚያውቅ መሬት ነው። ደግሞስ ያን ያህል ውሃ ምን ያደርግላችኋል? ለመጠጥና ለእጅ መታጠቢያ ለአንድ ልጅ በቀን 5 ሊትር ብትይዙ ለ400 ልጅ 2000 ሊትር ነው፤ ባለ 5000 አንዱ ሁለት ቀን ያልፋል። ሽንት ቤቱ በውሃ የሚታጠብ ከሆነ ነው ሂሳቡ የሚለወጠው። ከሕንፃው ጎን፣ ያልተቆፈረ ጠንካራ መሬት ላይ፣ ከድጋፍ ግንቡ ጠርዝ ቢያንስ የግንቡን ቁመት ያህል ርቆ ይቀመጥ። ትርፍ ውሃው በቱቦ ወደ ቦዩ ይግባ። የድጋፍ ግንቡ ላይ ውሃ ማስወጫ ቀዳዳ በየሁለት ሜትሩ መኖሩንና አለመደፈኑንም እዩ። ሽንት ቤት በተመለከተ ለሴቶች ለ25 አንድ፣ ለወንዶች ለ50 አንድና የሽንት መሽኛ ነው መለኪያው፤ ጉድጓዱ ከሕንፃው በታች በኩል ይሁን።

ማንም ያላነሣው መብረቅ ነው። ኮረብታ አናት፣ ቆርቆሮ ጣሪያ፣ 400 ልጅ። የመከላከያው ሽቦ ቢያንስ በሁለት ተቃራኒ ማዕዘን ይውረድ፣ ቆርቆሮውና አሸንዳውም ከሱ ጋር ይያያዝ። ችግሩ መሬቱ ነው፤ ጥቁር ድንጋይ ኤሌክትሪክ በደንብ አያስተላልፍም። አንድ የብረት ዘንግ ቀብሮ መሄድ አይሠራም፤ ሦስት አራት ሆነው፣ በመካከላቸው ያለው ርቀት ከዘንጉ ርዝመት ያላነሰ፣ በመዳብ ተያይዘው፣ መጨረሻ ላይ በመለኪያ ከ10 ኦም በታች መሆኑ ይረጋገጥ። ደረቅ ወር ላይ ይለካ፤ ነሐሴ ላይ ሁሉም ጥሩ ያሳያል። ከመሬት እስከ ሦስት ሜትር ያለው ሽቦ በፕላስቲክ ቱቦ ይሸፈን፣ ልጆች የሚሰለፉበትም ቦታ አይሁን። የውስጥ ኤሌክትሪኩን ግድግዳ ቆፍራችሁ አትቅበሩ፤ በውጭ መስመር ይሂድ፣ በ30 ሚሊ አምፔር የሚያቋርጥ ብሬከር ይኑረው።

---

ቱምቢ

ስለ ወለሉ፦ የመኖሪያ ቤት ወለል በካሬ 200 ኪሎ ገደማ እንዲሸከም ነው የሚሠራው፤ ለመማሪያ ክፍል 300፣ ልጆች ለሚሰበሰቡበት ኮሪደር 500 ይታሰባል። የሚነቃነቀው ለዚያ ነው። ከታች ኮርኒሱን አንድ ጣውላ አንሥታችሁ ወለሉን የተሸከሙትን አግዳሚ እንጨቶች ውፍረትና ርቀት ለኩ፤ ግድግዳው ውስጥ የገባውን ጫፍ ደግሞ በወፍራም ምስማር ውጉት። ከ2 ሴንቲ ሜትር በላይ ዘልቆ ከገባ በስብሷል። የሚበሰብሰው ሁልጊዜ ጫፉ ነው፣ በተለይ በሰሜኑ በኩል፣ መካከሉ ደህና ሆኖ ያታልላችኋል። ያን እስክታረጋግጡ ሁለቱን ክፍል ወደ ታች አውርዱና ላይኛውን ለቢሮና ለመምህራን አድርጉት፤ መጻሕፍት ቤት ግን አታድርጉት፣ መጽሐፍ ከልጅ ይከብዳል።

የኖራ ጉድጓዱን ካሰባችሁበት አንድ ነገር። ኖራ ወደ ውሃ ይጨመራል እንጂ ውሃ በኖራ ላይ አይፈስም፤ ይፈላል፣ ዓይን ያጠፋል። መነጽርና ረጅም ጓንት ለግንበኛው፣ ጉድጓዱ ደግሞ ከትምህርት ቤቱ ግቢ ውጭ ይሁን። ግቢ ውስጥ ካልሆነ አይቻልም ካላችሁ ቆርቆሮ አጥር፣ ቁልፍ ያለው በር፣ ላዩ ላይ ሰው የሚሸከም የጣውላ ክዳን፣ እና የመጀመሪያው ማፍላት ቅዳሜ ከሰዓት ልጅ በሌለበት ይሁን።